ጸሐፊ ወይስ ደራሲ? የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ኅትመት በሂስ ዓይን

ማንኛውም ኅትመት ለአንባቢው ሐሳብ ከመሆኑ በፊት ለአሳታሚው ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ዋጋ፣ መንገድና ባለቤት አለው። ባሕር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ዕቃ እጅግ የሚበዛው ከጅቡቲ ወደብ ይነሣል፤ በኮንቴይነር የታሸገው ጭነትም በብዛት የሚራገፈውና የጉምሩክ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። የማተሚያ ቤቶች ወረቀትና ቀለም፣ የትምህርት ቤቶች ማባዣና ኮምፒዩተር በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። ከሞጆ አለፍ ሲባልም፣ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር በተመረተባት በወንጂ፣ የአገር ውስጥ የወረቀት ፋብሪካ ተተክሎ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። የስምጥ ሸለቆ በር የሆነው ይህ አካባቢ እንግዲህ ለአገሪቱ የጽሑፍ ሥራ ቁሳዊ ስንቅ አቀባይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋናው ጥያቄ ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ወረቀቱ በደጃፏ የሚያልፈው የሞጆ ወይም የአዳማ ልጃገረድ በዚያ ወረቀት ላይ የራሷን ቃል የምታሰፍረው መቼና በማን ፈቃድ ነው?

የተማሪዎች ኅትመት በሂስ ዓምዶች እምብዛም አይነሣም። ሐያስያን ልቦለዱን፣ ተውኔቱንና የግጥም መድበሉን ሲመዝኑ የትምህርት ቤቱን መጽሔትና የግድግዳ ጋዜጣ ግን እንደ ልምምድ ቆጥረው ያልፉታል። ይህ አመለካከት በሁለት በኩል ስሕተት ነው። በመጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍና ፖለቲካ ውስጥ ከፍ ያለ ድርሻ የነበራቸው ጽሑፎች ጥቂት የማይባሉት በተማሪዎች መድረክ የተነበቡና በተማሪዎች ወረቀት የወጡ ናቸው። ሁለተኛም፣ ለብዙ ልጃገረዶች የትምህርት ቤቱ ኅትመት የመጀመሪያ ብቻ ሳይሆን የመጨረሻም የጽሑፍ መድረካቸው ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ከወጡ በኋላ ትዳር፣ ሥራና የቤት ኃላፊነት እየተፈራረቁ ብዕሩን ያስጥሏቸዋል። በዚያ መድረክ ላይ ያልተጻፈው ሌላ ቦታ ላይጻፍ ይችላል። ስለሆነም ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ አይደለም።

የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሲባል በኢትዮጵያ ታሪክ ቀድሞ የሚጠቀሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱን በኢትዮጵያዊት ዲሬክተርነት ለመጀመሪያ ጊዜ የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው በጠላት እጅ ወድቀው ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙ፣ ከነፃነትም በኋላ በደሴ በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ያገለገሉ ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ለሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚበልጠው ግን ሌላው ሥራቸው ነው። ወይዘሮ ስንዱ ተውኔት ይደርሱ ነበር፤ ተውኔቶቻቸውንም ተማሪዎቻቸው በመድረክ ላይ ይጫወቱ ነበር። በ1942 ዓ.ም. የታተመው «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘው ሥራቸው በአማርኛ ከታተሙ የሴት ደራስያን ሥራዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው።

የዚህ ሥራ ክብደት በዘመኑ ሚዛን መታየት አለበት። በከተማው ቲያትር የሴት ገጸ ባሕርይ በወንድ ተዋናይ ይጫወት በነበረበት ወቅት፣ ልጃገረዶችን መድረክ ላይ አቁሞ ስለ አገርና ስለ ነፃነት ማናገር ራሱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ድምፅዋን ከማጀት አውጥቶ በአዳራሽ ማሰማት ቀላል ነገር አልነበረም። ይህ ሊካድ አይገባም።

ሆኖም ሂስ ምስጋናን ከጥያቄ ጋር ያቀርባል። መድረኩ የተማሪዎቹ ነበር፤ ቃሉ ግን የዲሬክተሯ ነው። ልጃገረዷ በቃሏ አጥንታ ትናገራለች፤ የምትናገረውን ግን አልመረጠችም፣ አልሰረዘችም፣ አላረመችም። መጽሐፉም ሲታተም ስሙን የያዘው የመምህሯን እንጂ የተማሪዎቹን አይደለም። ይህ የወይዘሮ ስንዱ ጥፋት አይደለም፤ እርሳቸው ራሳቸው ብቻቸውን የቆሙ ደራሲ ነበሩ፤ ከፊታቸው የሄደ መንገድ ጠራጊ ብዙም አልነበራቸውም። ነገር ግን ከዚያ የቀረው ልማድ ዕድሜው ረዘመ። እስከ ዛሬ ድረስ በየትምህርት ቤቱ «የሴት ተማሪዎች ተሳትፎ» ሲባል በወላጆች በዓል ቀን ሌላ ሰው የጻፈውን ግጥም ጥሩ አድርጎ ማንበብ ማለት የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ማንበብና መድረስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚራራቅ ለማየት በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተደረገውን መመልከት ይጠቅማል። ኮሌጁ ትምህርት በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ጋዜጣ ያዘጋጁ ጀመር። ከ«ኒውስ ኤንድ ቪውስ» አዘጋጆች አንዱ የነበረው በዓሉ ግርማ በኋላ የአገሪቱን ታላላቅ ጋዜጦችና መጽሔቶች ለመምራት በቅቷል። በኮሌጅ ቀን በዓል የሚነበበው ግጥምም ከውዳሴ ወጥቶ ጥያቄ ማንሣት ያዘ። በ1953 ዓ.ም. የታምሩ ፈይሳ «ደኃው ይናገራል»፣ በ1959 ዓ.ም. የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» የተሰሙት በዚህ መድረክ ነው። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ደግሞ የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ የተማሪዎች ማኅበር ልሳን በነበረው በ«ስትራግል» ወጣ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም የክርክር ርእስ እንደሆነ ነው።

ኅትመቶቹን ታላቅ ያደረጋቸው ምንድን ነው? የወረቀቱ ጥራት አይደለም፤ የቋንቋው ርቀትም ብቻ አይደለም። ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር የሚወስኑት ተማሪዎቹ ራሳቸው ስለነበሩ፣ ለወሰኑትም ዋጋ ስለከፈሉ ነው። የተማሪዎች ኅትመት የተማሪዎች የሚሆነው ተማሪ ስለጻፈበት ብቻ ሳይሆን ተማሪ ስለመረጠበትና ስላረመው ነው።

ይሁን እንጂ ይህም ታሪክ ጎዶሎ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ስሞች ሁሉ የወንድ ስሞች ናቸው። ሴት ተማሪዎች በቁጥር ጥቂት ስለነበሩ ነው የሚለው መልስ እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ መልስ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ በራስ መኮንን አዳራሽ የተዘጋጀው የፋሽን ትርኢት የተማሪዎችን ብርቱ ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ የሴት ተማሪዎች አለባበስና አኗኗርም በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ የክርክር አጀንዳ ሆነ። በዚህ ክርክር ሴቷ በአመዛኙ የተጻፈባት እንጂ የጻፈች አልነበረችም። ለነፃነት የቆመው ብዕር ስለ እርሷ ሲናገር እርሷን ለመጠየቅ አልቆመም። በተመሳሳይ መልክ «መነን» የተሰኘው መጽሔት የእቴጌይቱን ስም በልባሱ ተሸክሞ ሲታተም፣ ከዋና አዘጋጆቹ አንዱ ያው በዓሉ ግርማ ነበር። የአዘጋጁ ችሎታ አያጠያይቅም። የሚያጠያይቀው የሴት ስም ከገጹ ላይ ሲውል የሴት እጅ በአዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ የት ነበር የሚለው ነው።

የሴት እጅ በእርግጥ በማተሚያው ሥራ ውስጥ ነበር። በጽሕፈት መኪና ስቴንስል የምትመታው፣ በሰም ወረቀቱ ላይ ስሕተት ሲገኝ በቀለም ደፍና እንደገና የምትመታው፣ ብዙውን ጊዜ ሴት ነበረች። የሰው ሁሉ ቃል በጣቶቿ ሥር አልፏል፤ ከቃሉ ግን የእርሷ የሆነ አልነበረበትም። ለዚህ ሁኔታ አማርኛ ራሱ ምስክር ነው። «ጸሐፊ» የሚለው ቃል በአንድ በኩል ደራሲን፣ በሌላ በኩል የሌላውን ቃል መዝግቦ የሚይዘውን የቢሮ ሠራተኛ ያመለክታል። በየትምህርት ቤቱ ክበብ ምርጫ ሲደረግ ሊቀ መንበሩ ወንድ፣ ጸሐፊዋ ሴት መሆኗ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። «የእጅ ጽሑፏ ያምራል» ተብላ ትመረጣለች፤ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ ወንዶቹ የተከራከሩትን በንጹሕ ወረቀት ትገለብጣለች። ጸሐፊ ተብላ ጸሐፊ ሳትሆን ትመረቃለች።

የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ልዩ ጥቅም የሚታየው በዚህ ላይ ነው። ወንድ ተማሪ በሌለበት ክበብ ሊቀ መንበሯም፣ ዋና አዘጋጇም፣ አራሚዋም፣ ገንዘብ ያዥዋም፣ ከማተሚያ ቤት ጋር ዋጋ የምትከራከረዋም ልጃገረድ ከመሆን በቀር ሌላ ምርጫ የለም። የጽሑፍ ውበት ቀርቶ ይህ የሥራ ክፍፍል ብቻ ትልቅ ትምህርት ነው። ጓደኛዋ የጻፈችውን ግጥም «አይወጣም» ብላ ምክንያቱን ፊት ለፊት ማስረዳት የቻለች የ16 ዓመት ልጅ፣ በኋላ በቀበሌ ስብሰባም ሆነ በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ስትሰጥ አትርበተበትም።

በውጭው ዓለም የታየ አንድ ምሳሌ ይህን ያጠናክራል። በ1933 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቫሳር የሴቶች ኮሌጅ ይማሩ የነበሩ ኤሊዛቤት ቢሾፕ፣ ሜሪ ማካርቲና ጓደኞቻቸው፣ የኮሌጁ መጽሔት አዲስ መልክ ያለውን ጽሑፋቸውን ባለመቀበሉ «ኮን ስፒሪቶ» የተባለ የራሳቸውን መጽሔት አወጡ። ጽሑፎቹ ያለ ስም የወጡ ነበሩ። ዕድሜውም አጭር ነበር። ይሁን እንጂ ቢሾፕ በኋላ ከአገሯ ታላላቅ ገጣምያን አንዷ ሆና በ1956 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘርን ሽልማት ተቀበለች፤ ማካርቲም ስመ ጥር ልቦለድ ጸሐፊና ሐያሲ ሆነች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሽልማቱ አይደለም፤ በልጃገረዶች ተቋም ውስጥ እንኳ ሹማምንቱ የሚወዱት መጽሔትና ተማሪዎቹ የሚፈልጉት መጽሔት ሊለያዩ መቻላቸው ነው። ልጃገረዶች ብቻቸውን መሆናቸው በራሱ ነፃነት አይሆንም።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የተማሪዎች ጽሑፍ ሌላ ፈተና ገጥሞት ይገኛል። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ስሙ ተለውጦ የካቲት 12 ተባለ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችን፣ ልጃገረዶችንም ጭምር፣ ወደ ገጠር ወሰደ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሪያ አዘጋጅቶ ለብዙ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል አስቆጠረ። ይህ በኢትዮጵያ የንባብ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ሥራ ነው። በዚያው ዘመን በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣና የኪነት ቡድን ተስፋፋ። መድረኩ በዛ፤ ጉዳቱ ግን ይዘቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ነበር። በሞጆ የተለጠፈውም፣ በጎንደር የተለጠፈውም መፈክሩ አንድ፣ ጠላቱ አንድ፣ ጀግናው አንድ ሆነ። የጻፈችው ልጅ ማን እንደሆነች፣ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣች፣ ምን እንዳየች ከጽሑፉ ማወቅ የሚያዳግት ሆነ። ፊደል ያስቆጠረው ሥርዓት በፊደሉ የሚጻፈውን ደግሞ አስቀድሞ ጽፎ አቆየ። ለሕዝብ የቆመ ጽሑፍ ሕዝቡን በስሙና በአድራሻው ካላወቀ የሚያገለግለው መፈክሩን እንጂ ሕዝቡን አይደለም።

ዛሬ የግድግዳ ጋዜጣው ከሚኒ ሚዲያው ጎን ቆሟል። በጠዋት ሰልፍና በዕረፍት ሰዓት ከማጉያው የሚሰማው ድምፅ ብዙውን ጊዜ የሴት ተማሪ ነው። ይህ ጥሩ ነው። የሚነበበው ግን ከመጽሐፍ የተገለበጠ ጥቅስ፣ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» የሚል ዝርዝር፣ እናትን ከፀሐይ መምህርን ከሻማ የሚያመሳስል ግጥም የሆነበት ጊዜ ይበዛል። የልጃገረዶች ክበብ ጽሑፍም ልጃገረዷን «ተጠንቀቂ፣ ጠንክሪ፣ አትታለዪ» እያለ ይመክራታል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን መካሪው ሁልጊዜ ሌላ ሰው፣ ተመካሪዋ ሁልጊዜ እርሷ ከሆነች ኅትመቱ የእርሷ ልሳን ሳይሆን የእርሷ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ሆኖ ይቀራል።

ለመሆኑ የሞጆ ልጃገረድ የምትጽፈው ነገር አጥታ ነው? ከተማዋ በአገሪቱ ዋና የንግድ ጎዳና ላይ ናት። አሮጌው የጅቡቲ ባቡር መስመር ያለፈባት፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውም አዲሱ መስመር የሚያልፍባት ናት። የቆዳ ፋብሪካዎች፣ ከፋብሪካው ፍሳሽ ጋር ሲታገል የኖረ ወንዝ፣ የቆቃ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪ፣ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ፣ ከተሳቢው አጠገብ ቡና የምታፈላ እናት፣ ከሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት፣ ይህ ሁሉ በአንድ ከተማ ይገኛል። «ሴት ከተማረች አገር ትለማለች» የሚለው ዐረፍተ ነገር በየትኛውም ከተማ ሊጻፍ ይችላል። አንዲት ተማሪ ግን «መኪኖቹ ሲሰለፉ የእናቴ ገበያ ይደራል፤ ሰልፉ ሲያጥር የእኔ ደብተር መግዣ ይዘገያል» ብላ ብትጽፍ፣ ያ ዐረፍተ ነገር ከሞጆ በቀር ከሌላ ቦታ ሊመጣ አይችልም። በሁለት ሐረግ ውስጥ የወደቡ ሥራ፣ የቤተሰቡ ኑሮና የትምህርቱ ዕድል ተያይዘዋል። አዘጋጇ ደግሞ በዚህ አትበቃም፤ «ሰልፉ ስንት ቀን ቆየ? ለምን? ሌሎቹ እናቶችስ ምን ይላሉ?» ብላ ጽሑፉን ለማሟያ ትመልሳለች። ድርሰት ወደ ዘገባ፣ ዘገባም ወደ ዕውቀት የሚያድገው እንዲህ ነው።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በአመዛኙ ማስተማሪያው በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የከተማው ገበያ ደግሞ አፋን ኦሮሞንም አማርኛንም ያደባልቃል። በዚህ አካባቢ የሚወጣ የተማሪዎች ኅትመት ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ቢይዝ ለአዘጋጆቹ ሸክም ሳይሆን ጸጋ ነው። ጽሑፍን ከአንዱ ወደ ሌላው የምትመልስ ልጅ ቃልን መመዘን ትማራለች፤ በአንዱ ቋንቋ ያማረ የመሰላት ሐረግ በሌላው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ባዶነቱ በመጀመሪያውም እንደነበረ ታውቃለች።

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ግን ይህ ነው። አንዲት ተማሪ በመንገድ ላይ፣ ወይም በትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ የሚደርስባትን ትንኮሳ ጽፋ ብታመጣ ምን ይደረጋል? የኅትመቱ እውነተኛነት የሚለካው በዚህ ቀን ነው። አማካሪው መምህር «የትምህርት ቤቱን ስም ያጠፋል» ብለው ጽሑፉን በመሳቢያ ቢቆልፉ፣ የዓመቱ ግጥሞች ሁሉ ጌጥ ሆነው ይቀራሉ። በሌላ በኩል ሳይጣራ የሰው ስም ጠርቶ ማውጣትም ለጸሐፊዋ አደጋ፣ ለተጠቀሰውም በደል ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል መንገድ አለ፤ ማጣራት፣ የጸሐፊዋን ማንነት መጠበቅ፣ ስም ሳይጠሩ አድራጎቱንና ቦታውን መግለጽ፣ አቤቱታውንም ለሚመለከተው አካል ማድረስ። ይህን መንገድ ማሳየት የአማካሪው ሥራ ነው። መቀሱን ግን አዘጋጆቹ ይያዙት።

ከዚህ አንፃር የሚመለከታቸው ሁሉ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ወንድና ሴት አንድ ላይ በሚማሩበት ትምህርት ቤት የልጃገረዶች ክበብ በዓመት ቢያንስ አንድ እትም ከዋና አዘጋጅ እስከ አራሚ በራሱ እንዲሠራ ይሰጠው። የኃላፊነት ቦታው በየመንፈቁ ይዘዋወር፤ ቃለ ጉባኤ የያዘችው በሚቀጥለው ጊዜ ጽሑፍ ትምረጥ። በአንዱ እትም የወጣ ስሕተት በሚቀጥለው ይታረም፤ ማረም ውርደት እንዳልሆነ ልጆቹ የሚማሩት እዚያ ነው። የአካባቢው ደራስያንና ሠዓልያን ለሽልማት ቀን ብቻ ሳይሆን ለረቂቅ ንባብ ቀን ይጋበዙ። የባህልና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ወረቀት ሲሰጡ ርእስ አይስጡ።

ኅትመቱ ከወጣ በኋላም መቀመጫ ያስፈልገዋል። በስቴንስል የተባዛው ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል፤ በስልክ የተላከው ከስልኩ ጋር ይጠፋል። ስለ ቀደሙት የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ሲነሣ የዲሬክተሮቹ ስም ተገኝቶ የተማሪዎቹ ጽሑፍ የሚታጣው ስላልጻፉ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የጻፉትን ያስቀመጠላቸው ሰው ባለመኖሩም ጭምር ነው። ከእያንዳንዱ እትም አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድም ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው በወመዘክር ቢቀመጥ ወጪው ሦስት ወረቀቶች ከመጠረዝ አይበልጥም።

ኮንቴይነሩ ሞጆ ላይ ሲከፈት በውስጡ ያለው ወረቀት ባዶ ነው። የጉምሩክ ሰነዱ ክብደቱንና ዋጋውን እንጂ ምን እንደሚጻፍበት አይናገርም። ያንን የሚወስነው የትምህርት ቤቱ የዝግጅት ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ልጃገረዷ የሌላውን ቃል የምትገለብጥ ጸሐፊ ሆና ከቀረች ወረቀቱ በከንቱ ባሕር ተሻገረ። መርጣ፣ አርማ፣ ስሟን ፈርማ ካወጣች ግን የሥነ ጽሑፋችን ታሪክ እስከ ዛሬ የጎደለውን ምዕራፍ መጻፍ ይጀምራል።